ጤና ኬላችንና ኮሚኒቲ ፖሊሳችን እንዳይወሰዱብን ስንታገል ያየሁት፣ ለሌሎች የምክር ቤት አባላት ይጠቅማል ብዬ

ሰሞኑን ከፎገራ በኩል አንዲት የቀበሌ ምክር ቤት አባል ስልኬን ከሰው ተቀብላ ደወለችልኝ። ጤና ኬላቸው ላይ ከነበሩት ሁለት ጤና ኤክስቴንሽኖች አንዷ በዝውውር ሄደች፣ ምትክ ይመጣል እየተባለ ክረምቱ አለፈ፣ አሁን ደሞ ኮሚኒቲ ፖሊሱ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ተጣምሮ ይሰራል የሚል ወሬ ተነስቷል፣ ምን እናድርግ ነው ጥያቄዋ። ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ ብዙ አወራኋት፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንደሷ ግራ የገባው ሰው በየቀበሌው ስንት አለ ብዬ ይሄን ልጽፍ ተነሳሁ። ረዘም ይላል ታገሱኝ።

እኔ ሚያዝያ 2005 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ነው የተመረጥኩት። ከዛ በፊት አስተማሪ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ቀበሌያችን ጣና ዳር በምዕራቡ በኩል ናት፣ በበጋ ባህር ዳር ለመድረስ ያን ያህል አያስቸግርም፣ ክረምት ሲገባ ግን ረግረጉ መንገዱን ይውጠውና ዳር ያሉት ጎጦች ያለ ታንኳ አይወጡም። ስሟን አልጠራም፣ አገሩ ትንሽ ስለሆነ ቀበሌዋን ከጠራሁ እዚህ የማነሳቸው ሰዎች ሁሉ ወዲያው ይታወቃሉ።

ምን ነበረን መሰላችሁ። አንድ ጤና ኬላ ከሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ጋር፣ አንድ የፖሊስ ኦፊሰር ቀበሌው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ። በቃ ይሄው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ከ1995 ከ96 ጀምሮ የመጣ ነው፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሰው አንድ ጤና ኬላ፣ ለአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሴቶች፣ ያኔ 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት ሰልጥነው 16 ፓኬጅ የሚባለውን የጤና ስራ ዝርዝር ይዘው የሚሰሩ ማለት ነበር። በወረቀት እንደዛ ይባላል እንጂ እኛ ጋ ሲወርድ ሌላ መልክ አለው። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽና ወባ ሲነሳ ሌሊት በሯን የምታንኳኩት እሷን ነው፣ ጣት ወግታ በአርዲቲ፣ በፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ማለት ነው፣ አይታ ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድሃኒት ሰጥታ ትሸኛለች። ህጻን ትንፋሹ ሲፈጥን ደረቱን ገልጣ ሰዓት ይዛ የምትቆጥረው እሷ ናት። በ6ኛው በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ፔንታ የሚባለው ክትባት፣ በ9 ወር የኩፍኝ ክትባት፣ አጎበር፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ኢምፕላኖን፣ እርጉዟን ቀኗ ሳይደርስ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ... ይሄ ሁሉ በሁለት ሰው እግር ነው ሚሰራው።

ኦፊሰሩ ደሞ የገበያ ቀን የሰከረውን ይለያል፣ የድንበር ጠብ ከዱላ ሳያልፍ ይደርሳል፣ መረብ የተሰረቀበት አሳ አስጋሪ አቤት የሚለው ለሱ ነው። ደም ያለባቸው ቤተሰቦች መሃል ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ሲገቡ እሱ ከጎናቸው ስለሚቆም ነገሩ እርቅም ሕግም ይሆናል። ከተማ ያለ ሰው ይሄን ሲሰማ ትንሽ ነገር ይመስለዋል። እኛ ጋ አንድ የድንበር ጠብ አንድ ቀን ካደረ ሁለት ቤት ሊያጠፋ ይችላል።

አንድ ነገር በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ጤናውና ፖሊሱ በወረዳ ደረጃ ሁለት የተለያዩ መስሪያ ቤቶች ናቸው፣ በጀታቸው ሌላ ሪፖርታቸው ሌላ። ቀበሌ ላይ ግን አንድ ስራ ናቸው። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስለምትገባ ማንም የማያየውን ታያለች፣ የተደበደበችዋን ሚስት፣ ለተደበቀ ድግስ ጌሾ የሚወቀጥበትን ጓዳ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ያቆመችውን ልጅ። ያየችውን ግን ራሷ ልታስቆመው አትችልም፣ ለሚያስቆመው ሰው መንገር አለባት፣ ያ ሰው ደሞ በእግር የሚደረስበት ቦታ መሆን አለበት። እኔ ከተመረጥኩ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ተነጋግረው አንድ ያለዕድሜ ጋብቻ ድግሱ ሳይደርስ አስቁመዋል፣ አባትየው ፈርሞ ልጅቷ ክፍሏ ተመለሰች።

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ። አገልግሎት የሚጠፋው ይዘጋ ተብሎ ተወስኖ አይደለም፣ እንደዛማ ቢሆን ሰው ሁሉ ይነሳ ነበር። የሚጠፋው አንድ ገጽ የዝውውር ደብዳቤ ሲወጣ ነው። እኛ ጋ 2006 መባቻ ላይ አንደኛዋ ልጅ ተዛወረች፣ ለጊዜው ነው ምትክ ይመጣል ተባለ። ህዳር ላይ ኦፊሰሩ ለድጋፍ ተብሎ ወደ ከተማ ተጠራ፣ ክፍሉ ተቆለፈ ቁልፉን ሊቀመንበሩ ያዘው። ማንም አልጮኸም፣ ሕንጻው አለ፣ ታፔላው አለ፣ ምን ብለህ ትጮሃለህ።

ከዛ የሚመጣውን ነው ማየት ያለባችሁ። ሁለት ሆነው ሲሰሩ አንዷ ጤና ኬላ ትቀመጣለች አንዷ ቤት ለቤት ትሄዳለች። ብቻዋን የቀረችው ቤት ለቤት ከሄደች ጤና ኬላው ይቆለፋል፣ ጤና ኬላ ከተቀመጠች ዳር ያሉት ጎጦች አያዩአትም፣ ስብሰባ ወይ ስልጠና ከተጠራች ደሞ ሁለቱም የለም። ሰው ሁለት ሦስቴ መጥቶ ቁልፍ ካየ በአራተኛው አይመጣም። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱ ላይ የታካሚ ቁጥር ይወርዳል፣ መድሃኒት የሚታደለው ደሞ ያለፈው ፍጆታ ታይቶ ስለሆነ የሚመጣው ኮአርተም ያንሳል፣ መድሃኒት የለም ሲባል ሰዉ ጭራሽ ይቀራል። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ይመጣና እዚህ እኮ ተጠቃሚ የለም፣ ከጎረቤት ጤና ኬላ ጋር ቢጣመር ይሻላል ይላል። አልዋሸም፣ ያየው ቁጥር እሱን ነው የሚለው። የፖሊሱም እንደዛው ነው፣ አቤት የሚባልበት ሰው ሲጠፋ አቤቱታው ይቀንሳል፣ አቤቱታው ሲቀንስ ቀበሌዋ ሰላማዊ ናት ይባልና ኦፊሰር አያስፈልጋትም ይሆናል። ይሄን ነገር ካልተረዳችሁ ክርክሩን ገና ስትጀምሩት ትሸነፋላችሁ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ያለው እነሱ እጅ ነው።

ጥር 2006 ላይ የሆነውን መናገር አለብኝ። የቀረችው ጤና ኤክስቴንሽን ማታ ቤቴ መጣች፣ ፊቷ ልክ አልነበረም። አንድ ቤት ድግስ አለ፣ ክርስትና ነው ይላሉ፣ ግን ክርስትና የሚነሳ ህጻን እዛ ቤት የለም አለችኝ። ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው የሚደብቁት፣ ክርስትና ነው ተዝካር ነው እያሉ። ልጅቷን አውቃታለሁ፣ የኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት፣ 13 ዓመቷ ነው። ኦፊሰሩ ጋ ደወልኩ፣ ያለው ከተማ ነው፣ ከስራው ተነስቶ መምጣት አይችልም፣ ለሚመለከተው እነግራለሁ አለኝ፣ ነገረም። መኪና ስላልነበረ ነገ ተባለ። በነጋታው ሰዎቹ ሲደርሱ ልጅቷ በታንኳ ተወስዳለች። ሕጉ እኮ ግልጽ ነው፣ ጋብቻ 18 ዓመት ነው፣ በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13 እና ከዛ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት ይታሰራል ይላል። ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ነበር፣ ሌሊቱን ሄዶ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው ያጣነው። ልጅቷ ወደ ትምህርት አልተመለሰችም። ወንበሯን እያየሁ ማስተማር ከበደኝ፣ ሌላውን አልጨምርበትም።

ከዛ በኋላ ነው ሕዝቡ የተነሳው። ሽማግሌዎችና ወጣቶች ሆነው ፊርማ አሰባስበው ቀጥታ ክልል ሄዱ። ንዴታቸው ይገባኛል፣ ግን ይሄ ብዙ ቀበሌ የሚወድቅበት ቦታ ስለሆነ ልብ በሉት። ፊርማውን የተቀበሉት ሰዎች በአክብሮት ነው ያናገሯቸው፣ ጉዳዩ በየደረጃው ይቅረብ ብለው መለሷቸው፣ ወረዳው ደሞ በላዬ ላይ ሄዳችሁ ብሎ ተቀየመ። እዛው ሲመላለሱ ሰኔ ደረሰ፣ ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ዓመት ገባ፣ የሁለቱም ሰራተኞች የደሞዝ መደብ ለኛ ቀበሌ ሳይያዝ አለፈ። በቃ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። ደሞዛቸው የሚከፈለው ቀበሌ ላይ አይደለም፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ላይ ብትጮሁ እሱ የሚሰጣችሁ ነገር የለውም። ውሳኔው ያለው ወረዳው ወይም የከተማ አስተዳደሩ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ነው፣ እሱ ደሞ የሚጸድቀው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ቢሆንም ዕቅዱ የሚረቀቀው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ያለቀ ነገር ላይ ነው የሚደርሰው። ካላንደራችሁ ላይ ጥርን አስምሩበት።

2007 ሲገባ እንደገና ጀመርን፣ በዚህኛው ጊዜ በምክር ቤቱ በኩል። የቀበሌ ምክር ቤት ሰው ሞልቶ የሚያጨበጭብበት ብቻ አይደለም፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ የወሰነው ነገር ቃለ ጉባኤ ሆኖ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ማህተም ካረፈበት ማንም ሰው የግል ቅሬታ ነው ሊለው አይችልም። ጥያቄያችንን በሦስት ኮፒ አደረግነው፣ አንዱ ለጤና፣ አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ። ሁሉንም መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገን የገቢ ቁጥሩን በኛ ኮፒ ላይ አስጻፍን። ይሄን እንዳትንቁት፣ በኋላ ደብዳቤው አልደረሰንም ሲባል ያዳነን እሷ ቁጥር ናት።

ማስረጃው ላይ ትንሽ ልቆይ። እንቸገራለን፣ እናቶች እየሞቱ ነው፣ ሕዝቡ አዝኗል የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ስለሚደርሳቸው ማንም አያነበውም። እኛ ያደረግነው የጤና ኬላው ራሱ ሪፖርት ያደረገውን ቁጥር ከፊትና ከኋላ ማስቀመጥ ነው፣ ሁለት ሰራተኛ በነበረበት ዓመት ከመስከረም እስከ ህዳር ስንት ሰው ወባ ተመረመረ፣ አንዷ ከሄደች በኋላ በዛው ወራት ስንት። ወባ እኛ ጋ በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል የመስከረምን ከየካቲት ጋር ካወዳደራችሁ ይስቁባችኋል፣ ወሩን ከወሩ ጋር ነው። ከሁሉ በላይ የሰራልን ግን የክትባቱ ነው። ፔንታ አንድ የጀመሩ ህጻናት ስንት ናቸው፣ ፔንታ ሦስት የደረሱት ስንት፣ ኩፍኝ የተከተቡት ስንት። መሃል ላይ የቀሩት ልጆች ሰራተኛዋ ከሄደች በኋላ ነው የበዙት፣ ዳር ካሉት ጎጦች ነው የበዙት። ጤና ቢሮዎች ራሳቸው በዚህ ቁጥር ነው የሚገመገሙት፣ ስለዚህ ሲያዩት ዝም ብለው ሊያልፉት አይችሉም። ቁጥሩን ያገኘነው በደብዳቤ ጠይቀን ነው፣ የሰው ስም ያለበት መዝገብ አልገለጥንም፣ እናንተም እንዳትገልጡ። የማን ሚስት ምን እንደወሰደች ሰፈር ውስጥ ከወጣ ሴቶቹ ጤና ኬላ መምጣት ያቆማሉ፣ ላድን ያላችሁትን በገዛ እጃችሁ ገደላችሁት።

ለፖሊሱ ክፍል ቁጥር አልነበረንም፣ አቤቱታ የለማ። እሱን በሰው አፍ ሞላነው። ደም አድራቂዎቹ ሽማግሌዎች ኦፊሰሩ ከሄደ በኋላ ሊያስታርቁ ገብተው የተበላሸባቸውን ራሳቸው ተናገሩ፣ የገበያ ነጋዴዎች ተናገሩ፣ የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች በጥር ወር የሆነውን ጋብቻ ስም ሳይጠሩ ተናገሩ። አፈ ጉባኤው ፊት እኔ ከምለው አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ልጄ ይሄ ነገር ደም ያፈሳል ሲል ይሰማል።

ሰራተኞቹን ለምስክርነት እንዳታቆሙ። የቀረችውን ልጅ ተነሽ ተናገሪ ያሏት ነበሩ፣ እኔ እምቢ አልኩ። እሷ የምትዛወረው፣ የምትገመገመው፣ እድገቷ የሚያዘው በነዚያው አለቆች ነው። እኛ ሕዝብ የመረጠን ነን፣ መናገር የኛ ስራ ነው፣ እሷ ስራዋን ትስራ። ኦፊሰሩንም እንደዛው፣ ፖሊስ በትዕዛዝ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ እኔ ልመለስ እፈልጋለሁ ካለ አለቀለት።

በዚህ መሃል ከባዱ ነገር ግምገማው ነበር። ተጠራሁ። ሕዝብ ታነሳሳለች፣ ጠባብ የአካባቢ ስሜት አለባት፣ ልማቱን ጥላሸት ትቀባለች ተባለ። ከተናገሩት ውስጥ ቤቴ ቡና የጠጡ ሰዎች አሉበት። ማታ እንቅልፍ የለም፣ ባለቤቴ ተይው ልጆች አሉን አለኝ፣ እናቴ ሰምታ አልቅሳለች። እዚህ ላይ ያላችሁ እህቶች፣ በተለይ ሴት የምክር ቤት አባሎች፣ ብቻችሁን አትሂዱ። እኔ ስጠራ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ገባሁ፣ ይሄ የኔ ሀሳብ አይደለም የምክር ቤቱ ውሳኔ ነው፣ ፊርማው ይሄው አልኩ። ሕገ መንግስቱንም ይዤ ነበር፣ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ማንኛውም ዜጋ በመንግስት ገንዘብ በሚካሄድ ማህበራዊ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል፣ ንዑስ አንቀጽ 4 ደሞ መንግስት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። እሱን አነበብኩላቸው፣ ድምጼ ይንቀጠቀጥ ነበር ግን አነበብኩት። ማንንም አልተሳደብኩም፣ የማንንም ስም አላነሳሁም። ስትናደዱ የሰው ስም ካነሳችሁ ጉዳዩ ከጤና ኬላ ወጥቶ የሁለት ሰው ጠብ ይሆናል፣ እነሱም የሚፈልጉት እሱን ነው። ውጭ ላይ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ስር ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር፣ ሲያዩኝ መምህርት አይዞሽ አሉኝ። ያን ቀን ባይመጡ ኖሮ እተወው ነበር።

የካቲት ላይ የወረዳው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ለመስክ ምልከታ እንዲመጣልን ጠየቅን፣ የማህበራዊ ጉዳይና የበጀት ቋሚ ኮሚቴ አባላት አንድ ላይ መጡ። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ቀበሌ ጽ/ቤት ይቀመጣል፣ ዶሮ ይቀርባል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ሪፖርት ይነበባል፣ መኪናው ተነስቶ ይሄዳል። ይሄን እንዳታደርጉ። መጀመሪያ ዳር ወዳለው ጎጥ በእግር ወሰድናቸው፣ ክረምት ቃሬዛ የሚያልፍበትን ረግረግ አሳየናቸው፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ አራት ሰው ተሸክሞ አራት ሰው እየተቀያየረ መሆኑን ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ነገሯቸው። በበጋው ይሄን ያህል ከሆነ በነሐሴ እንዴት ነው ብሎ አንዱ ጠየቀ። ምሳ የበሉት ከዛ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ያወቅነው ግን ከነሱ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩ የተቀየረውም እዛ ላይ ነው። የበጀት ኮሚቴው ሰውዬ ቅን ሰው ነበር፣ እንዲህ አለን፣ መደብ ብንሰጣችሁም ልጅ አትቆይላችሁም፣ የምትመጣው ሁሉ በስድስት ወሯ ዝውውር ትጠይቃለች፣ የት እንደምትኖር አይታችኋል ወይ። ሄደን አየን። ጣራው የሚያፈስ የሰው ጓዳ ተከራይታ፣ ሽንት ቤት የለ፣ ውሃ በጀርባዋ እየቀዳች፣ ባሏ ሌላ ወረዳ እየሰራ። የሄደችውም በዚሁ ነው የሄደችው፣ ማንም አላባረራትም፣ ራሷ ጠይቃ ነው። እኛ መንግስት ሰራተኛ ወሰደብን እያልን ሰራተኛዋን የሚያቆይ ነገር ግን አልነበረንም። ከዛ ጤና ኬላው ጓሮ ቦታ ተሰጠ፣ ከየጎጡ ባህር ዛፍ መጣ፣ ወንዶቹ በደቦ አቆሙት፣ ሴቶቹ መረጉት፣ ለቆርቆሮውና ለሚስማሩ ገንዘብ ተዋጣ፣ ሁለት ክፍል ከነሽንት ቤቱ ከፋሲካ በፊት አለቀ። ለኦፊሰሩም ክፍሉን አጸዳንለት። እና ቃለ ጉባኤ ያዝንና ለወረዳው ላክን፣ መኖሪያው ተሰርቷል ሰው ይመደብ ብለን። ጥያቄያችሁ ላይ የራሳችሁ እጅ ሲኖርበት አይ ማለት ለነሱም ይከብዳቸዋል። ደሞ ቤቱ ወረቀት ላይ የጤና ኬላው ንብረት ተብሎ ይመዝገብ፣ አለዚያ ነገ ሌላ ሰው ይገባበታል።

ግንቦት 16 የ2007 ምርጫ ነበር፣ ከመጋቢት ጀምሮ እጩዎች ይመጡ ነበር። እኛ ለመጣው ሁሉ ያቺኑ አንድ ጥያቄ ጠየቅን፣ ሁለት ጤና ኤክስቴንሽን አንድ ኦፊሰር፣ በዚህ በጀት። መንገድም መብራትም ድልድይም የሚል ነበር፣ ለመንኳቸው፣ ዘንድሮ እቺን ብቻ እንበል አልኳቸው። አስር ነገር የጠየቀ ቀበሌ ይታያል ተብሎ ይሸኛል።

ሐምሌ ላይ በጀቱ ሲጸድቅ ምክር ቤቱ ውስጥ የኛ ጉዳይ በቋሚ ኮሚቴው ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ተነበበ። ክርክር ነበረበት፣ የፖሊስ ቁጥር ለሁሉም ቀበሌ አይበቃም፣ ከናንተ የባሰ አለ ተባለ፣ እውነትም የባሰ አለ። ያገኘነው ግማሹን ነው። ሁለተኛዋ ጤና ኤክስቴንሽን መስከረም 2008 ላይ ተመድባ መጣች፣ አዲሱ ቤት ውስጥ ነው ያለችው፣ ሁለቱ ጎጥ ተከፋፍለው እየሰሩ ነው። ማጣመሩ ቀርቷል፣ የጤና ኬላው መድሃኒት የሚታደለው በራሱ ስም ነው። ኦፊሰሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰልንም፣ ለሁለት ቀበሌ አንድ ሰው ነው የተሰጠው፣ ገበያ በሚቆምበት ቀንና በሳምንት ሌላ አንድ ቀን እኛ ጋ ይውላል። ስልኩ ክፍሉ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ፣ እኔና የሴቶች ጉዳይ ተወካይዋ ደሞ በቃል ይዘነዋል። እሱ በሌለበት ቀን ሌሊት የሚመጣ ነገር ካለ ከሚሊሻው ማን ተነስቶ አብሮን እንደሚሄድ በስም ተለይቶ ታውቋል፣ ይሄንንም ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረነዋል።

ለፎገራዋ እህቴ የነገርኳትን ልጨርስ። ምትክ ይመጣል ሲሏችሁ መቼ ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፣ በቃል የተባለ ነገር ማንንም አይጠይቅም። የወሩን ሪፖርት ቁጥር ከአሁኑ እየጠየቃችሁ ያዙ፣ ሰራተኛዋ የሄደችበትን ቀን አጠገቡ ጻፉ። የቀረችዋ የት እንደምታድር ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩ፣ ምን እንደጎደላት ጠይቋት፣ እሷም ደብዳቤ እየጻፈች ሊሆን ይችላል። የኦፊሰሩን ጉዳይ ከጤናው አትነጥሉት፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ ይውጣ። ጥር ሳይገባ ደግሞ ምክር ቤቱን ሰብስቡ፣ የሰርጉ ሰሞንና የበጀቱ ሰሞን አንድ ላይ ነው የሚመጡት። እኛም ዘንድሮ ለኦፊሰሩ ሦስተኛ ቀን እንጠይቃለን፣ ደብዳቤው ተረቋል፣ የሽማግሌዎቹ ፊርማ ነው የቀረው።